ሁለት ጠቅታ

"ክፍት ነው" አለች ቬልማ በሬዲዮ።

ሮይስ የእሽቅድምድም መኪናውን መሪ ወደ ግራ ሊያጥፍ እጁ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አላጠፈም። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳና ስፖኪዮውን ተመለከተ። የአንድ ቀይ መኪና አፍንጫ ከኋላ ጎማው አጠገብ ተለጥፏል። ክፍት የተባለው ቦታ ላይ ሰው አለበት። ታጥፎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አሁን ግንቡ ላይ ነበሩ። ቀዩ መኪና በውስጥ በኩል አልፎት ሄደ፤ እሱን ተከትለው ሁለት ሌሎችም አለፉት።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለች ቬልማ። "ክፍት ነው ስልህ ግባ እንጂ። የጥሪ ካርድ እንዲላክልህ ነው?"

ሮይስ መሪው ላይ ያለውን የሬዲዮ ቁልፍ በአውራ ጣቱ ሁለት ጊዜ ተጫነ። ጠቅ፣ ጠቅ። ሰምቻለሁ ማለቱ ነው። ድሮም መኪና ውስጥ ከገባ አያወራም። ሌሎቹ ሾፌሮች ጎማው ከዳኝ፣ ሞተሩ ሞቀብኝ፣ እከሌ ገፋኝ እያሉ ሲያላዝኑ ይውላሉ። እሱ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ዝም ነው። አክስቱ ቬልማም ከዚያ በላይ ጠይቃው አታውቅም።

ልምምዱ ሲያበቃ መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ትንሽ ተቀመጠ።

እሁድ ጠዋት ነው። ውድድሩ በዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል። ከሠላሳ ስድስት መኪና መካከል እስከ አሥረኛ ከገባ የቡድኑ ባለቤት ጋርላንድ ይህንን የሾፌርነት ወንበር ዓመቱን ሙሉ ይሰጠዋል። ከዚህ ወንበር በላይ ያለው እርከን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በቴሌቪዥን የሚታየው፣ የሾፌሮቹ ፊት በቁርስ እህል ካርቶን ላይ የሚታተምበት ነው። ካልገባ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ወደ ዘይት ቅየራ ሥራው ይመለሳል፤ ሁለተኛ የሚጠራው የለም። በካሮላይና ይህን ወንበር የሚመኝ ልጅ እንደ ጥድ ዛፍ ነው፣ የትም በቅሏል።

መኪና ውስጥ የተቀመጠ ተወዳዳሪ ከፊቱ በቀር የሚያየው የለም። ጭንቅላቱ በሄልሜት፣ ሄልሜቱ በወንበሩ ክንፎች ተይዟል። ስፖኪዮው ደግሞ በዚያ ፍጥነት ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሾፌር ከተመልካቹ መቀመጫ በላይ፣ ጣሪያው ላይ የሚቆምለት ጠቋሚ አለው። ጠቋሚው ከውስጥ አለብህ፣ ከውጭ አለብህ፣ ክፍት ነው እያለ ይነግረዋል። ሾፌሩም የተባለውን አምኖ ይታጠፋል። ልመልከት ካለ ዘግይቷል።

የሮይስ ጠቋሚ ቬልማ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በካልሲ ፋብሪካ ሠርታለች፤ ሥራዋ መፈተሽ ነበር። ካልሲው መብራት ላይ ተወጥሮ በፊቷ ያልፋል፤ አንድ ክር ከዘለለ ይዛ ታወጣዋለች። ከእሷ ጠረጴዛ ተበላሽቶ ያለፈ ካልሲ የለም ይባላል፤ ሰው ካላለው እሷ ራሷ ትለዋለች። ወንድሟ የስምንት ዓመት ልጁን ደጇ ላይ ትቶ ወደ ቴክሳስ የሄደ ጊዜ፣ ከልጁ ጋር የተወው አንድ ሻንጣ ልብስና የማይነሳ ፒክአፕ ነበር። ልጁ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ፒክአፑን አስነሳው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከሰፈሩ ጀርባ ባለው የአፈር መሮጫ ተወዳደረ። ጣሪያ ላይ የሚቆምለት ሰው ስላልነበረው ቬልማ ከፋብሪካ በቀጥታ መጥታ፣ ሽርጧን ሳትፈታ መሰላሉን ወጣች። ወንዶቹ ሳቁ። ሮይስ አሸነፈ። በሳምንቱም አሸነፈ። በሦስተኛው ሳምንት የሳቀ የለም፤ እንዲያውም አንዱ ወንበር አምጥቶላት፣ "ቆሜ ነው የማየው" ብላ መለሰችው።

ከአፈሩ ወደ አስፋልት ወጡ። ከሰፈር ውድድር ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክልል። የመጀመሪያውን የአስፋልት መኪና ከሦስት ግጭት የተረፈ ብረት ለቃቅመው በቬልማ ጓሮ ሠሩት፤ ኮፈኑ አረንጓዴ፣ በሩ ቢጫ ነበር። በዚያ አስቀያሚ መኪና የክልሉን ዋንጫ ሁለት ዓመት በተከታታይ ወሰደ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጆሮው ውስጥ የነበረው ድምፅ አንድ ነው። ጋርላንድ፣ ስድስት መኪናና ሆቴል የሚያህል ጋራዥ ያለው ሰውዬ፣ ደውሎ ና ሲለው ሮይስ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣሪያ ላይ አክስቴ ትቁምልኝ አለ። ጋርላንድ ስቆ፣ ከፈለገች ድመቷንም ታምጣ አለ።

ታዲያ ነገሩ የተበላሸው ከስድስት ሳምንት በፊት፣ እዚያው አገራቸው ባለው መሮጫ ላይ ነው። ክፍት ነው አለችው፤ ታጠፈ፤ ከርቲስ የሚባለውን ልጅ ግንብ ላይ ደፋው። ከርቲስ ጣሪያ ሠሪ ነው፣ ትከሻው ተሰበረ። እስከ ዛሬ መዶሻ አላነሳም። አገሩ ሁሉ ሮይስን ተሳደበ፣ ትልቅ ሰው ጠራውና ልቡ አበጠ ተባለ። ሮይስ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ዝም አለ። ቬልማ ራሷ በሰው ፊት ጀምራ ቤት እስኪደርሱ ወረደችበት። እሷ ስትናገር ክፍት ነበር፤ ተጎትቶ የዘገየው እሱ ነው። እንዲህ ብላ ከልቧ ታምናለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍት ነው ባለችው ቁጥር እግሩን አንስቶ በገዛ ዓይኑ ያያል። በትንሹ መሮጫ ይህ ይቻላል። እዚህ ግን እግሩን ያነሳ ሰው ሦስት መኪና ያልፈዋል።

የቡድኑ አለቃ ዴንተን ኮምፒውተሩን ይዞ መጣ። ትንባሆ ከጉንጩ የማይለይ፣ ከመኪና በቀር የሚወደው ነገር ያለ የማይመስል ሰው ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር በጥፍሩ እየነካ አሳየው።

"ይሄ ነዳጅህ ነው። እዚህ ጋ እትዬ ቬልማ ክፍት ነው አለችህ፤ እግርህን አነሳህ። እዚህም አለችህ፤ አነሳህ። አሥራ አራት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ክፍት ነው ሲባል እግሩን የሚያነሳ ሾፌር በዕድሜዬ አላየሁም።"

"መኪናውን እየለመድኩት ነው" አለ ሮይስ።

"ለምደኸዋል። ብቻህን ስትሆን ከሁሉም ትፈጥናለህ። አጠገብህ ሰው ሲመጣ ነው የምትሞተው።" ዴንተን ትንባሆውን በወረቀት ኩባያ ውስጥ ተፋ። "ጋርላንድ አይቶታል። ልጁ ፈሪ ነው እንዴ ነው ያለኝ። እኔም የምለው አጣሁ።"

ሮይስ ፈሪ ከተባለ ወንበሩ ሄደ። ፈሪ አይደለሁም ካለ ደግሞ ምክንያቱን ሊናገር ነው፤ ምክንያቱ አክስቱ ናት።

ምሳቸውን በፒክአፑ ጀርባ ላይ ተቀምጠው በሉ። ቬልማ እንደ ሁልጊዜው ከቤት ሠርታ አምጥታለች፤ ነጭ ዳቦ፣ ማዮኔዝ፣ በወፍራሙ የተቆረጠ ቲማቲም ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ጋር። የጋርላንድ ሰዎች ድንኳን ውስጥ ሥጋ እየተጠበሰ ነበር፤ እሷ የማላውቀው ሰው እጅ የነካውን አልበላም ብላ አልሄደችም። የለስላሳ ጠርሙሷን ከፍታ እንደ ልማዷ የጨው ኦቾሎኒ ጨመረችበት። ግማሹ ጠርሙሱ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ።

"የጠርሙሱን አፍ አጥብበውታል" አለች። "ሁሉንም ነገር እያጠበቡት ነው።"

ሮይስ ኦቾሎኒውን ከቀሚሷ ላይ ለቀመላት። ጠርሙሱ ያው ጠርሙስ ነው።

"ጠዋት ስትዘገይ ስትዘገይ አረፈድክ" አለች እያኘከች። "ዴንተን ምን አለህ? አፉን አይቼዋለሁ፣ ደስ አላለውም።"

"ምንም አላለም።"

"እኔም ትንሽ አስቸግሮኛል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ብረቱ ሁሉ ያብረቀርቃል። በመጋቢት ያየኝ ሐኪም የዓይን ሞራ ጀምሮሻል ብሎኛል። ትንሽ ነው አለ። ውድድሩ በኅዳር ሲያልቅ አስገፍፈዋለሁ።" ይህን ያለችው ስለ ጎረቤት ድመት እንደምታወራ ያህል ነው። ቀና ብላም አየችው። "ምን ታፈጣለህ? ብላ።"

እንግዲህ በሩን ራሷ ከፍታለት ነበር። አክስቴ፣ ትንሽ አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት ብቻ ሁለት ጊዜ ሰው ልገድል ነበር ማለት ነበረበት። ይህን ለማለት ከዚያ የተሻለ ሰዓት አይገኝም። ብቻቸውን ናቸው፣ የሚሰማቸው የለም፣ እሷም ጠግባለች። ሮይስ በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር እየነዳ የሌላ መኪና ጭራ የሚነካ ሰው ነው። ግን ቲማቲሙን አየ፣ እጁን አየ፣ ዳቦውን ጎረሰ። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው። ግንብ አይፈራም፤ አብልታ ያሳደገችውን ሴት ፊቷን አይቶ እውነት መናገር ግን ይፈራል።

"እሺ፣ በኅዳር ይሻላል" አለ።

በሰባት ሰዓት ተኩል ዴንተን እንደገና ጠራው። ከጋራዡ በር ላይ አንድ ልጅ እግር የእሽቅድምድም ልብሱን ለብሶ ቆሟል፤ አዲስ ጫማ አድርጓል፣ ጋርላንድ ትከሻውን ይዞ ያወራዋል። ዴንተን ተተኪህ ነው በሚል ሁኔታ በአገጩ አሳየው።

"አንድ ሰዓት አለኝ" አለ። "አንተ ትነዳለህ ብዬ ልከራከርልህ እፈልጋለሁ። ምክንያት ስጠኝ።"

ሮይስ ነገረው። ስለ ሞራው፣ ስለ ከርቲስ፣ ስለ ስፖኪዮው፣ ሁሉንም። ለእሷ ያልወጣው ቃል ለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት ለተዋወቀው ሰው ወጣ። ዴንተን ሲሰማ ፊቱ ፈካ፤ ሰውን ማከም አይችልም፣ ሬዲዮ መቀየር ግን ይችላል። ይህማ ችግር አይደለም አለ። ቡድኑ የራሱ ጠቋሚ አለው፣ ዌስ ይባላል፣ እዚያው ጣሪያ ላይ ይቆማል። ሮይስ በመስመር ሁለት ዌስን ይሰማል። እትዬ ቬልማ ሬዲዮ ይሰጣታል፣ በመስመር አራት ታወራለች። በዚያ መስመር የሚሰማት ሮይስ አይሆንም።

"ታውቃለች" አለ ሮይስ። "ካልመለስኩላት ታውቃለች።"

"አንተ መቼ ትመልሳለህ? ሁለት ጊዜ ጠቅ ነው የምታደርገው።" ዴንተን ወደ ጎማ ቀያሪው ዞረ። "ሌስተር፣ ና። አንዲት ሴትዮ በመስመር አራት ታወራለች። ተናግራ በጨረሰች ቁጥር ሁለት ጊዜ ጠቅ። ሌላ ነገር የለም።"

"ምን እያለች?" አለ ሌስተር።

"ምንም ትበል ምን። ሁለት ጊዜ ጠቅ።"

ሮይስ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ዴንተን እጁን ትከሻው ላይ አደረገና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አሁን ሄዶ ቢነግራት እሷ አልቅሳ እሱም እጁ እየተንቀጠቀጠ መኪናው ውስጥ እንደሚገባ ነገረው። እንዲህ ከሆነ ክብሯ አይነካም፣ ማንም አይጎዳም፣ ነገ ቀስ ብሎ ይነግራታል። ያንን መስመር ግን እንዳይነካ። ጋርላንድ ሁሉንም መስመር ይሰማል፣ እንዲህ ያለ የቤተሰብ ጣጣ አይወድም፣ ልጁም ልብሱን አላወለቀም።

ሮይስ ራሱን ነቀነቀ። ከሁሉ የከፋው፣ ቀለል አለው።

ቄሱ በየመኪናው እየዞረ ጸለየ፣ ብሔራዊ መዝሙሩ ተዘመረ፣ ሞተሮቹ ተነሡ። ሠላሳ ስድስቱ መኪና ሁለት ሁለት ሆኖ ከመሪዋ መኪና ኋላ በዝግታ መዞር ጀመረ። ውድድሩን የሚያስጀምረው አረንጓዴ ባንዲራ እስኪወርድ አራት ዙር እንዲህ ይዞራሉ። ሮይስ አሥራ ስምንተኛ ነው የተሰለፈው። ዌስ በጆሮው ውስጥ መናገር ጀመረ፤ ድምፁ የተረጋጋ፣ የወጣት፣ ፈጣን ነው። ከፊትህ ሁለት መኪና ያህል ክፍተት አለ፣ ከኋላህ ሰማያዊው ተጠግቷል፣ ጎማህን አሙቅ አለው። ስፖኪዮውን አየ። ሰማያዊው በእርግጥ ተጠግቷል። ከስድስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮው የሰማውና በዓይኑ ያየው አንድ ሆነ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

አንድ ዙር ዞረ። ሁለተኛውን ጀመረ። የመስመሩ መቀየሪያ በቀኝ ጉልበቱ አጠገብ ናት፣ እንደ ምድጃ ቁልፍ ትዞራለች። ዝም ብሎ ሊሰማት ብቻ ነው እጁን የሰደደው። ወደ አራት አዞራት።

"...ቀበቶህን አጥብቀሃል?"

ጠቅ፣ ጠቅ።

"ውሃውን ጠጣህ?"

ጠቅ፣ ጠቅ።

የሮይስ አውራ ጣት መሪው ላይ ነው፤ አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ ግን የእሱ ድምፅ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሲያሰማት የኖረው። ሌላ ሰው ሆኖ ራሱን ሲሞት እንደሚሰማ ሆነበት።

"ከፊትህ ያለው ነጩ ማርሽ ሲቀይር ይዘገያል፣ ጠዋት አይቼዋለሁ። ሲነሡ ከኋላው አትጣበቅ።"

ጠቅ፣ ጠቅ።

ነጩ ከፊቱ አልነበረም። ከፊቱ ያለው ቢጫ ነው። ነጩ ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ ነው።

"ጣትህ ዛሬ ፈጠነ" አለች ቬልማ። "ፈርተሃል?"

ሌስተር የታዘዘውን አደረገ። ጠቅ፣ ጠቅ።

"አትፍራ የኔ ልጅ" አለች። እንዲህ ብላ የጠራችው ጊዜ ጥቂት ነው፤ አባቱ በሄደ ሰሞንና ፋብሪካው በተዘጋ ቀን። "እዚህ ነኝ። ሁሉንም አየዋለሁ።"

ጠቅ፣ ጠቅ።

ሦስተኛው ዙር ተጀመረ። ሮይስ ቁልፉን ተጭኖ ያዘው።

"አክስቴ።"

መኪና ውስጥ ሆኖ ተናግሯት አያውቅም።

"ምን ሆንክ? መኪናው ነው?"

"መኪናው ደህና ነው። ጠቅ የሚያደርገው እኔ አይደለሁም፤ ሌስተር የሚባል መካኒክ ነው። እኔን የሚመራኝ ሌላ ሰው ነው፣ በሌላ መስመር። ከርቲስን የመታሁት ክፍት ነው ስላልሽኝ ነው። ክፍት አልነበረም። ዛሬ ጠዋትም ሁለት ጊዜ አልነበረም። በምሳ ሰዓት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። አልነገርኩሽም።"

ቁልፉን ለቀቀ። ተመልካቹ መካከል የሾፌሮችን ወሬ የሚሰሙበት መቀበያ በጆሯቸው የሰኩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ መስመር አራትን የሚሰማ ከነበረ ሰምቷል። ጋርላንድም ሰምቷል። ብቻቸውን ፒክአፑ ላይ ተቀምጠው ሳለ በጆሮዋ ሊላት የሚችለውን፣ አሁን በአደባባይ አላት። አንደኛውን መታጠፊያ አልፎ ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ፀሐዩ ብረቱ ላይ ያብረቀርቅ ነበር፣ እንዳለችው። አራተኛው ዙር ገባ። የመሪዋ መኪና መብራት ጠፋ፤ በሚቀጥለው መምጣታቸው አረንጓዴው ይወርዳል ማለት ነው።

"ሌስተር" አለች ቬልማ። "እጅህን ከዚያ ነገር ላይ አንሳ።"

ጠቅታ አልተሰማም።

"ሮይስ።"

"አለሁ።"

"ከርቲስ ያውቃል?"

"አያውቅም። የኔ ጥፋት ነው ነው ያልኩት።"

"እኔም እንደዚያው አልኩ። በሰው ፊት።" ትንፋሿ ይሰማል፤ ያደከማት መሰላሉ አይደለም፣ ከወጣች ሰዓት አልፏታል። "ነገ ቤቱ ትወስደኛለህ። የምነግረው እኔ ነኝ፣ አንተ አፍህን እንዳትከፍት። ዘግተህ መኖር ለምደሃልና አያቅትህም።"

ሮይስ ከቢጫው መኪና ኋላ ተጠግቶ የሚቀጥለውን መታጠፊያ ያዘ።

"ሰውዬህ እየጠራህ ይሆናል" አለች። "ሂድ ወደሱ። መብራቱ ጠፍቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እዚህ አጠገቤ ያሉት።"

አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ሊጫን ጀምሮ ተወው። አንድ ጊዜ ተጭኖ ያዘና፣ "እሺ አክስቴ፣ ነገ ጠዋት" አለ በአፉ፤ ከዚያ በኋላ ነው መስመሩን ወደ ሁለት ያዞረው።